ቫይረስ ወይስ ዎርም?

ኮምፒውተር በተንቀራፈፈ ቁጥር «ቫይረስ ገባበት» እንላለን። ጥፋተኛው ግን ዎርም ሊሆን ይችላል።

ቫይረስ ጥገኛ ነው። ከሌላ ፕሮግራም ወይም ከዎርድ ሰነድ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ ያ ፋይል እስኪከፈት ድረስም አይንቀሳቀስም። ዎርም ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። የሲስተም ክፍተት ካገኘ ማንም ምንም ሳይነካ ራሱን እያባዛ በኔትወርክ ከማሽን ወደ ማሽን ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው ዎርም የዘመኑን ኢንተርኔት ያሽመደመደው እንዲህ ነው። በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይም በቤዛ ጠያቂነቱ ቢታወቅም፣ ያን ያህል ያፈጠነው ዎርምነቱ ነው። ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ደግሞ በማርች ነበር፤ ሁለት ወር ቀደም ብሎ!

ስለዚህ «እኔ ምንም አልከፈትኩም» ማለት ከቫይረስ ያድን ይሆናል፤ አፕዴቱን ዘግቶ ለሚሠራ ሰው ግን ከዎርም አያስጥልም።

በየፎቶኮፒ ቤቱ ከፍላሽ ፍላሽ እየዞረ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውስ? ሰው ሁሉ ቫይረስ ይለዋል፤ የጸረ ቫይረስ ድርጅቶች ግን ብዙዎቹን ዝርያዎች በዎርምነት ይመድቧቸዋል፤ ራሳቸውን ችለው ወደ ፍላሹ ይገለበጣሉና። ሆኖም ሾርትከቱን የሚጫን ጣት ስለሚጠብቁ፣ እኔ ድንበር ላይ ባስቀምጣቸው እመርጣለሁ።