137 ለ 1፦ ያልተሰየመው የአዲስ አበባ ምክር ቤት

ግንቦት 7 ቀን 1997 ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈው አዲስ አበቤ በአንዳንድ ጣቢያ እስከ እኩለ ሌሊት ድምፁን ሲሰጥ አመሸ። በማግስቱ ውጤቱን ለማወቅ የምርጫ ቦርድን መግለጫ አልጠበቀም። በየምርጫ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን የቆጠራ ወረቀት አንገቱን አስግጎ አነበበ፣ ለሚቀጥለው ሰው ተናገረ። ሰፈር ለሰፈር የሚወራው አንድ ነበር፦ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት ጠራርጎ ወስዷል።

ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱ የቅንጅት ሆኑ። ለገዢው ግንባር ለኢሕአዴግ አንድ ቀረችው። በተወካዮች ምክር ቤት የአዲስ አበባ ድርሻ የሆኑት 23 ወንበሮችም በሙሉ ወደ ቅንጅት ሄዱ።

የሚገርመው፣ ተሸናፊው አስተዳደር ሥራ የፈታ አልነበረም። በከንቲባው በአቶ አርከበ ዕቁባይ ጊዜ መንገድ ተቀዷል፣ ኮንዶሚኒየም ተጀምሯል፤ ለወጣቶች የተሰጡትን ትንንሽ መደብሮች ሕዝቡ ራሱ «የአርከበ ሱቅ» ብሎ ሰይሟቸዋል። በሱቁ የሚነግደውም ሳይቀር ለቅንጅት ሳይሰጥ አልቀረም። እንደ እኔ፣ የዚያን ቀን ድምፅ የተሰጠው ስለ ከተማው ሳይሆን ስለ አገሩ ነው። በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፉት ክርክሮች ሚኒስትር ሲፋጠጥ ለመራጩ አሳይተዋል፤ ሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይን ያጥለቀለቀው ሕዝብም ብዛቱን በዓይኑ አይቷል።

በአገር ደረጃ ኢሕአዴግ ከ547 ወንበሮች 327ቱን ይዞ ሥልጣኑን አጸና። ተቃዋሚዎች ግን ከ12 ገደማ ወንበር ተነስተው ከ170 በላይ አገኙ። ሊበተን የተቃረበው ነባሩ ፓርላማ ይህን አይቶ ደንቡን ቀየረ፦ ቀድሞ 20 አባላት ማስያዝ ይችሉ የነበረውን አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ ድጋፍ ያስፈልጋል ተባለ። ወደ አዳማ ሄዶ የነበረው የኦሮሚያ ርዕሰ ከተማም ቅንጅት ወዳሸነፈባት አዲስ አበባ እንዲመለስ የተወሰነው በሰኔ ነው።

ቅንጅት በበኩሉ ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት ቢመርጥም፣ ምርጫው ተጭበርብሯል በሚል ፓርላማ ላለመግባት ወሰነ፤ ከተማውንም አልተረከበም። ልግባ አልግባ የሚለው ክርክር በራሱ በቅንጅት ቤት ውስጥ የጦፈ ነበር። ከተማውን ተረክቦ መታገል ይሻል ነበር የሚሉት ወገኖች ክርክር ለእኔ ዛሬም ሚዛን ይደፋል፤ ግን በሰኔ በተቃውሞ ሰልፈኞች ላይ በተከፈተው ተኩስ ማግስት እንዲህ ማለት ለተመራጮቹ ቀላል አልነበረም። ከምርጫው በኋላ በሰኔና በጥቅምት በተነሳው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን ቆጥሯል። የቅንጅት መሪዎች በጥቅምት 1998 ታሰሩ፤ በይቅርታ የወጡት ሐምሌ 1999 ነው።

137ቱ ተመራጮች ለሥራ አንድም ቀን ሳይሰየሙ ከተማዋ ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች፤ ኃላፊው አቶ ብርሃነ ደሬሳ ሆኑ። ቅንጅት ተሰነጣጥቆ ባለበት በ2000 የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ሲደገም ቁጥሩ ተገለበጠ፤ በዚህኛው 137ቱ የኢሕአዴግ፣ አንዷ የተቃዋሚ። በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከፓርላማው 547 ወንበሮች 545ቱን ያዙ። ከአንድ የግል ተመራጭ ሌላ ያለፉት ከአዲስ አበባ የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነውን መድረክን ወክለው የተወዳደሩት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ናቸው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ እንደራሴ ሆነው ተከራከሩ። በ2007 ምርጫ ያችም ወንበር ተወሰደች።