ባዶ፣ የለም፣ አይታወቅም

ዳታቤዝ ላይ የምትሠሩ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ "ነል" የምትባለዋን ነገር በየቀኑ ታገኟታላችሁ። ታሪኳን ማወቅ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ሁለት ሰዎች ስልክ ቁጥር ሳይሞሉ ቅጽ መለሱ እንበል። አንዱ ስልክ የለውም። ሌላው አለው፣ እኛ ግን አናውቀውም። በአማርኛ "የለም" እና "አይታወቅም" ብለን እንለያቸዋለን። ዳታቤዙ ግን ሁለቱንም "ነል" ይላቸዋል።

የሪሌሽናል ሞዴል አባት የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ ነው። ሞዴሉን በ1970 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ። በ1979 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ የጎደለ መረጃ ሲኖር መልሱ እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ሳይሆን "አይታወቅም"ም ሊሆን እንደሚችል አብራራ። በ1990 መጽሐፉ አንድ ነል እንደማይበቃ ተናግሮ ለሁለት ከፈላት፦ ያለ ግን ያልታወቀ፣ እና ከነጭራሹ የማይመለከተው። የሥራ ባልደረባው ክሪስ ዴት ግን "ነል ጭራሽ ይቅር" ባይ ነበር። ኤስኪውኤል ሁለቱንም አልሰማም፤ በአንዷ ነል ቀጠለ።

ኦራክል ገበያ የወጣው በ1979 ነው፤ የመጀመሪያው የኤስኪውኤል ስታንዳርድ የጸደቀው ደግሞ በ1986። ኦራክል እስከ ዛሬ ባዶ ጽሑፍን እንደ ነል ይቆጥራል። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውኤል ሰርቨር ይለያሉ። "አይደገም" በተባለ ዓምድ ላይ ኤስኪውኤል ሰርቨር አንድ ነል ብቻ ይቀበላል፤ ፖስትግሬስ የፈለጋችሁትን ያህል። ፖስትግሬስ ምርጫውን ለእኛ የሰጠው በ2022፣ በ15ኛው ቨርዥን ነው። ከትንሽ ወደ ትልቅ ስትደረድሩም አንዱ ነልን መጀመሪያ ያደርጋል፣ ሌላው መጨረሻ።

ታዲያ ምን አገባን? "ከተማው አዲስ አበባ የሆነ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ቀጥሎ "አዲስ አበባ ያልሆነ" በሉ። ከተማው ያልተሞላለት ሰው ሁለቱም ዝርዝር ላይ የለም! ኤረር እንኳን አይመጣም። ዝርዝሩ የክትባት ወይም የእርዳታ ከሆነ ያ ሰው ተረሳ ማለት ነው'ኮ።

ስለዚህ ሠንጠረዥ ስትሠሩ ለእያንዳንዱ ዓምድ "ይሄ ባዶ ቢሆን ምን ማለት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሁለት ከሆነ ምክንያቱን የሚይዝ ሌላ ዓምድ ጨምሩ። ከአንድ ሲስተም ወደ ሌላ ዳታ ስታዛውሩ ደግሞ መጀመሪያ ነሎቹን ቁጠሩ።