ማር ለፈረስና ለውሻ ቁስል፤ ከባለሙያ እጅ እስከ ጸሐፊ ብዕር

የጥንት የመድኃኒት ጽሑፎችን እንደ ሥነ ጽሑፍ ቅርስ ማንበብ ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ተማሪዎቼም የቃላቱን አመጣጥና የጸሐፊውን ስልት እንዲመረምሩ አደርጋለሁ። የታዘዘው መድኃኒት ይሠራል ወይስ አይሠራም ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥያቄውን ያስነሣብኝ የራሴ ውሻ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ማር ለቁስል ማከሚያነት፣ በተለይም ለፈረስና ለውሻ፣ ያለውን ታሪክ እየተከተልሁ፣ ዕውቀት ከባለሙያ እጅ ወደ ጸሐፊ ብዕር ሲሻገር ምን እንደሚጎድልበት ለማሳየት እሞክራለሁ።

ቁስልን በማር ማከም እጅግ ጥንታዊ ነው። ኤድዊን ስሚዝ የተባለው አሜሪካዊ በ1862 እ.ኤ.አ. ሉክሶር ላይ የገዛው የግብፅ የሕክምና ጥቅልል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተገለበጠ ሲሆን፣ 48 የጉዳትና የሕመም ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ብዙዎቹ ቁስሎች በመጀመሪያው ቀን በትኩስ ሥጋ፣ ከዚያ ወዲያ እስኪድኑ በየቀኑ በስብና በማር እንዲታሰሩ ያዝዛል። ይህ እንግዲህ ስለ ሰው ነው።

ስለ ፈረስ በስፋት የምናነበው ከብዙ ዘመን በኋላ በቢዛንታይን ዓለም በተሰበሰበውና «ሂፒያትሪካ» በሚባለው የግሪክኛ መድበል ነው። በመድበሉ ውስጥ ማር ከሌሎች ነገሮች ጋር እየተቀላቀለ ደጋግሞ ይታዘዛል። እኔን ግን ከማሩ ይልቅ የሳቡኝ ሁለቱ ጸሐፊዎች ናቸው። አንደኛው፣ አፕሲርቶስ፣ የፈረስ ሐኪም ነበር፤ የሚያውቀውንም በደብዳቤ መልክ ጻፈ። ሁለተኛው፣ ሂየሮክሊስ፣ የሕግ ሰው ነበር፤ የአፕሲርቶስን ጽሑፍ ወስዶ በተዋበ ቋንቋ አሳምሮ አቀረበው። ቋንቋው አማረ፤ ዕውቀቱ ግን የሌላ ሰው እጅ ያፈራው ነበር። እኔም በሙያዬ የሂየሮክሊስ ወገን ነኝ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ፈረስ በታሪካችንና በቃል ግጥማችን ትልቅ ስፍራ እንዳለው የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክም «አባ ዳኘው» የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ፉከራ የሚያነሣው ግን ፈረሱን እንጂ ኮርቻ የላጠውን ጀርባውን አይደለም። ቋንቋችን በበኩሉ ቁስሉን አልረሳውም፤ ጭነት ወይም ኮርቻ ጀርባውን ያቆሰለውን እንስሳ «ገጣባ» እንለዋለን። አንዲት ቃል ሕመሙንም ምክንያቱንም ትናገራለች። ፈውሱን ግን አትነግረንም፤ እሱ በባላገሩ እጅ የቀረ ነው። አያቴ የተገጠበች በቅሏቸውን ጀርባ በለብታ የጨው ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ማር ሲቀቡና እስክትድን ጭነት ሲከለክሏት ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ከዚያ ሁሉ በአእምሮዬ የቀረው ማሩ ብቻ ነበር።

የአጥር ሽቦ የውሻዬን ጭን የቀደደው ጊዜ፣ ያነበብሁትን ተማምኜ ከገበያ ማር ገዝቼ ቁስሉን ሞላሁት። ውሻው ላሰው። በአራተኛው ቀን ቁስሉ መግል ቋጥሮ ይሸት ጀመር። ያከመችልኝ ወጣት የእንስሳት ሐኪም «ጋሼ፣ ማሩን አይውቀሱ። መጀመሪያ መታጠብ፣ የሞተውም ሥጋ መነሣት ነበረበት። ከቀቡትም በኋላ እንዳይልሰው መሸፈን ነበረበት። ደግሞስ ማሩ ስኳር ያልተቀላቀለበትና ያልፈላ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለዎት?» አለችኝ።

የጠየቀችኝ ሁሉ ምክንያት ነበረው። ከማር ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ስኳር ነው፤ ስለዚህ ጀርሞች የሚኖሩበትን ውሃ ይስባል። አሲድነትም አለው። ንብ የምትጨምርበት ኢንዛይም ደግሞ ማሩ በቁስሉ ፈሳሽ ሲቀጥን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በጥቂት በጥቂቱ ያመነጫል፤ ይህ የተለየው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ማሩ ከፈላ ኢንዛይሙ ይጠፋል። ያልተጣራ ማርም አደገኛ የባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ስለሚችል፣ ለሕክምና የሚዘጋጀው ማር በጋማ ጨረር ይጸዳል። በ2021 እ.ኤ.አ. ከእስራኤል የወጣ ጥናት፣ ለሆድ ቁርጠት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ፈረሶች ላይ የዚህን ማር ጥቅም አሳይቷል፤ ሲሰፉ ማር ከተደረገላቸው 49 ፈረሶች የስፌቱ ቦታ ያመረቀዘባቸው 4 ሲሆኑ፣ ካልተደረገላቸው 40 ግን 13 ነበሩ።

እንግዲህ የጥንት ጽሑፎች አልዋሹም። «ማር» የምትለው ቃል ግን የትኛው ማር፣ መቼ፣ ከምን በኋላ የሚለውን ሁሉ አልያዘችም፤ ይህን የሚያውቀው የጽሑፉ የመጀመሪያ አንባቢ፣ ማለትም ባለሙያው ነበር። እኛ ቃሉን ወርሰን እጁን አልወረስንም። ውሻዬ ድኗል፤ እኔ ግን በእሱ ሥቃይ ተማርሁ። በመሆኑም የመድኃኒት ጽሑፎችን ለኅትመት የሚያዘጋጁ ተማሪዎቻችን ከመዝገበ ቃላቱ ጎን ለጎን የእንስሳት ሐኪሙንና በቅሎ ያከሙትን ሽማግሌ ቢጠይቁ፣ ይህንንም የጥናታቸው ክፍል ቢያደርጉት ይገባል እላለሁ።