አስነብቦ መፈረም

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምንሠራ ብዙዎቻችን፥ ባላገር አዲስ ነገርን ሲጠራጠር ባየን ጊዜ ነገሩን ካለመማር እንቈጥረዋለን። ወረቀቱን፥ ማኅተሙን፥ ባንኩን፥ ዛሬም ኮምፒዩተሩን የሚጠረጥር ሰው ሥልጣኔን የሚጠላ ይመስለናል። እኔም እንዲሁ ሳስብ ኖሬ፥ ሐሳቤን የለወጠው አንድ ቀን የገጠመኝ ጉዳይ ስለ ሆነ፥ ከታሪክ ጋራ እያገናዘብሁ ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

ወደ አምባሰል አገር ለሥራ ሄጄ ሳለሁ፥ አንድ ሽማግሌ ስለ እርሻ መሬታቸው በተዘጋጀ ወረቀት ላይ የአውራ ጣታቸውን አሻራ እንዲያኖሩ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም እጃቸውን ሰብስበው፥ «ልጄ፥ መጀመሪያ አንተ አንብብልኝ፤ ቀጥሎ ያ ተማሪ ያንብብልኝ፤ የሁለታችሁ ቃል አንድ ከሆነ እፈርማለሁ» አሉኝ። እኔም በመሰላቸት፥ «አባባ፥ ይኸ ከኮምፒዩተር የወጣ ነው፤ ስሕተት የለበትም» አልኋቸው። «ኮምፒዩተሩን የሞላው ሰው አይደለምን?» ብለው መለሱልኝ። ወረቀቱ ሁለት ጊዜ በተነበበ ጊዜ በምሥራቅ ያለው አዋሳኝ በምዕራብ ተጽፎ ተገኘ። የጻፍሁትም እኔው ነበርሁ።

ይህ የሆነው ከውጫሌ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ነው። ውጫሌ ደግሞ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ አንድ ወረቀት አገራችንን ለጦርነት ያበቃበት ቦታ ነው።

ዓፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ በኋላ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፥ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፥ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋራ ሃያ አንቀጾች ያሉትን ውል ተፈራረሙ። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ሲላላኩ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ የሚናገር ሲሆን፥ የኢጣልያንኛው ግን መቻሉን ግዴታ አደረገው። ከሁሉ የሚያስገርመው፥ 19ኛው አንቀጽ የሁለቱ ቋንቋ ጽሑፎች ፍጹም የተስማሙ ስለ ሆኑ ሁለቱም እኩል የታመኑ ናቸው ብሎ ማረጋገጡ ነው። ወረቀቱ ስለ ራሱ እውነተኛነት ራሱ ምስክር ሆኖ ቆመ ማለት ነው።

ኢጣልያ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደ ሆነች ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ዓፄ ምኒልክም ንግሣቸውን ለመንግሥታት ሲያስታውቁ፥ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣላቸው መልስ በኢጣልያ በኩል ይላላኩ የሚል ሆነ። ነገሩ በዚህ ተገለጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል አለመስማማቱን አስረዱ፤ እቴጌ ጣይቱም የአንቶኔሊን ማባበያ አልተቀበሉም። ውሉ በየካቲት 1885 ዓ.ም. መሻሩ ታወጀ። የሦስት ዓመት ነገር በዐድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በደም ተፈጸመ። የአንድ ቃል ዋጋ ይህን ያህል ነበር።

ከዚህ በኋላ ዓፄ ምኒልክ ውልን ሁሉ፥ የውጭ አገር ጥበብንም ሁሉ ጠልተው ቢሆን ማንም ባልፈረደባቸው ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን የሰይጣን ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች ነበሩ እየተባለ እንኳ ስልኩን አስገቡ፤ የምድር ባቡሩንም ፈቀዱ። ነገር ግን መመርመርን አልተዉም። በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የተሰጠው የባቡር ፈቃድ በኩባንያ እጅ ሳለ፥ የፈረንሣይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋራ ለብቻው ተዋውሎ ገንዘብ በሰጠ ጊዜ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ተቈጡ። የንግድ ኩባንያ ብለው የተቀበሉት የሌላ መንግሥት እጅ እንዳይሆን ሠጉ። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደርሶ ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባውም የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። እሳቸው የጠረጠሩት ባቡሩን ሳይሆን የባቡሩን ባለቤት ነበር።

ሕዝቡም በገበያው እንዲሁ አደረገ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሲከፈት ነጋዴውና ባላገሩ የማርያ ቴሬዛን ብር አልለቀቀም። ብሩን በእጁ ይመዝነዋል፥ በድንጋይ ላይ አቃጭሎ ይሰማዋል፥ የሴቲቱንም ጌጥ ፈርጦች ይቈጥራል። የወረቀት ገንዘብ ግን የባንክ ተስፋ ነው፤ ባንኩም የግብፅ ብሔራዊ ባንክ ያቋቋመው የሩቅ ሰዎች ንብረት ነበር። የማያውቁትን ሰው ተስፋ በብር ለመለወጥ ማመንታት ድንቍርና ይባላልን? መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ባንኩን ገዝቶ በኢትዮጵያ ባንክ መተካቱ፥ ጥያቄው የገበያ ሰው ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

ከውጫሌ ወደ ደሴ ሲመለሱ ሐይቅ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም በዚያ ነው። እሳቸው በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ በሰጡት ወንጌል ውስጥ ለገዳሙ ያበረከቷቸው መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎአል። አባቶቻችን የርስትና የንብረት ነገር በወንጌል ላይ፥ በምስክር ስምና በግዝት የሚጽፉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ያ መጽሐፍ በጉባኤ ፊት የሚገለጥ ስለ ሆነ፥ አንዱ በስውር ሊፍቀው አይችልም። እምነት የሚጸናው ሲታይ መሆኑን ያውቁ ነበር።

በዚሁ መንገድ ዳር በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረኃብተኛ ተሰልፎ ለምኖአል፥ ወድቆም ሞቶአል። መንገደኛው ያየውን ረኃብ ግን የመንግሥት ወረቀት አላየውም፤ ያዩት ባለሥልጣኖችም ደበቁት። በዚያ ዘመን የጠፋው የባላገሩ እምነት ሳይሆን የሹማምንቱ ጥርጣሬ ነው፤ በጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ጽሑፍ በመንገድ ላይ ካለው ሰው ጋራ የሚያመሳክር አልተገኘም። የዚህን ዕዳ የከፈለው ሕዝቡ ነው፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ዘውዱም ወደቀ።

እንግዲህ ሳያነቡ መጠርጠር ሳያነቡ ከመፈረም አይሻልም፤ አንዱ ወሬን ማመን ነው፥ ሌላው ማኅተምን ማምለክ ነው። አስነብቦ የሚፈርም ሰው ግን መሥሪያ ቤቱን አላዋረደም፤ ቃሉን እንደ ቃል ቈጥሮ አከበረው እንጂ። ዛሬ ባለጉዳዩን «ሲስተም የለም» ብለን ስንመልሰው፥ ወይም «ኮምፒዩተሩ እንዲህ ይላል» ስንለው፥ ከ19ኛው አንቀጽ የተለየ ነገር አልተናገርንም። እኔ ከዚያች ቀን ወዲህ ሰው ሳይጠይቀኝ ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ሽማግሌውም የታረመው ወረቀት በቀረበላቸው ጊዜ እንደ ገና አስነብበው፥ መርቀውኝ፥ አውራ ጣታቸውን አኖሩ።