ከ«ታገሥ» ወደ ማስታገሻ፦ የዳሌና የጉልበት ቀዶ ጥገና ሕመም በታሪክ ዐይን



«ማስታገሻ» የሚለው ቃል «ታገሠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ሕመምተኛው እንዲታገሥ የሚያስችል ማለት ነው። «ማደንዘዣ» ደግሞ ስሜትን ለጊዜው የሚያጠፋ ነው። የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ሁለቱንም ይሻል፤ ቀዶ ጥገናው ማደንዘዣን፣ ተከታዮቹ ሳምንታት ማስታገሻን።

የማደንዘዣ ታሪክ በሰፊው ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1846 ኤተር በቦስተን በይፋ ተሞከረ። ጆን ቻርንሌይ በ1962 በእንግሊዝ የዘመናዊውን ሰው ሠራሽ ዳሌ መሠረት የጣለው ይህ መንገድ ከተጠረገ በኋላ ነው።

የማስታገሻ ታሪክ ግን በአመዛኙ አልተጻፈም። ወጌሻ አጥንት ሲመልስ «ታገሥ» ይል የነበረው ሌላ የሚሰጠው ስላልነበረው ነው። መድኃኒት ባለበት የሕክምና ክፍል ያው ቃል ሲደገም ግን ትርጉሙ ይለወጣል። ጉልበቱ የተቀየረለት ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ቆሞ መራመድ፣ ጉልበቱንም ማጠፍ ይጠበቅበታል። ሕመሙ ካልታገሠለት አይንቀሳቀስም፤ ካልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ በእግሩም ደም የመርጋት አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ ፓራሲታሞል፣ ለጨጓራና ለኩላሊት እየተጠነቀቁ የሚሰጡ ፀረ ብግነት መድኃኒቶችና የነርቭ ማደንዘዣ በአንድነት ይታዘዛሉ። ሞርፊንና መሰሎቹ ለበረታው ሕመም፣ በአነስተኛ መጠንና ለአጭር ጊዜ ይጨመራሉ።

ሞርፊን ሱስ ያስይዛል የሚለው ስጋት መሠረት አለው። ሆኖም የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የናርኮቲክ ስምምነት ቁጥጥርን ሲደነግግ፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገሥ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውንም በመግቢያው አስፍሯል። ቁጥጥሩን አጥብቀን ይዘን ይህን ሁለተኛውን ቃል መዘንጋት አይገባንም።

ጉዳዩ ለካፋ ቅርብ ነው። ከዴቻ ወይም ከጊምቦ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚታከም ገበሬ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲመለስ ሕመሙ ገና አላበቃም። የትኛውን መድኃኒት፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ እስከ መቼ እንደሚወስድና መቼ እንደሚያቆም የሚገልጽ ጽሑፍ ይዞ ካልመጣ፣ ቦንጋ ላይ የሚቀበለው ባለሙያ በግምት ይሠራል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የሕመምተኛውን ሙቀትና የደም ግፊት እንደምትመዘግቡ ሕመሙንም ጠይቁ፤ በእረፍትም በእንቅስቃሴም ምን ያህል እንደሆነ ጻፉ። እኛ የታሪክ ሰዎች የምናነበው የተጻፈውን ነው፤ በሽተኛው ግን መዝገቡ ዝም ቢልም ታሟል።