ከሠርቶ ማሳያ እስከ ቪዲዮ፤ የአርሶ አደር ሥልጠና ጉዞ

በዓል ሲመጣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር አቅርቦታችን ታሪክ ይነሳል። ግብዓቱን እንዴት እንደምንጠቀም ያስተማረን ሥልጠና ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል።

በአገራችን የኤክስቴንሽን ታሪክ ቀድሞ የሚጠቀሰው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ በአርሲ፣ ጭላሎ የተጀመረው ካዱ ነው። በደርግ ዘመን የሥልጠናና ጉብኝት ዘዴ ተከተለ። በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በአርሶ አደሩ በራሱ መሬት ላይ ግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያ ማሠራት ጀመረ። መንግሥትም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ልምድ በአገር አቀፍ ደረጃ አስፋፋ። በ1990ዎቹ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ መመደብ ተጀመረ። እኔም የእነዚሁ ኮሌጆች ፍሬ ነኝ።

ፕሮግራሙ በየጊዜው ስሙ ቢለዋወጥም መንገዱ አንድ ነበር፤ ክልል ዞንን፣ ዞን ወረዳን፣ ወረዳ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን፣ እሱ ደግሞ አርሶ አደሩን በቃል ያሠለጥናል።

የዚህን መንገድ ድካም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አየሁት። ጤፍ በመስመር ሲዘራ በመስመሮቹ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለሄክታር 5 ኪሎ ዘር ተብለን ሠለጠንን። እኔም ለሞዴል አርሶ አደሮች፣ እነሱም ለጎረቤቶቻቸው አስተላለፍን። ከሦስት ሳምንት በኋላ የአንድ አባት ማሳ ስደርስ መስመሩ ያምራል፤ ቡቃያው ግን ተፋፍጓል። እንደ ብተናው 30 ኪሎ ዘርተውበታል። «ምነው አባቴ?» ብላቸው፣ «መስመር አውጡ ተባልን እንጂ ዘር ቀንሱ ያለን የለም፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ተናግሬ ነበር፤ ቃሉ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 በህንድ ዲጂታል ግሪን የተባለ ሥራ ተጀመረ። የአካባቢው አርሶ አደር በማሳው ላይ ሲሠራ በራሱ ቋንቋ ይቀረጽና በመንደር ለትንሽ ቡድን ይታያል። አንድ አስተባባሪ ፊልሙን እያቆመ ይጠይቃል፤ ያወያያል። በ16 መንደሮች ለ13 ወራት በተደረገ ሙከራ አዲስ አሠራር የተቀበሉት ሰዎች ከሥልጠናና ጉብኝት ዘዴ ጋር ሲነጻጸር ሰባት እጥፍ ሆኑ። ዘዴው ወደ አገራችንም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ ላይ በ347 ቀበሌዎች በተጀመረ ጥናትም ቪዲዮ ከተለመደው ሥልጠና ይልቅ ብዙ አርሶ አደር እንደሚደርስና አሠራሩን በተሻለ እንደሚያስጨብጥ ታይቷል።

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ገብቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል እኔም በስልኬ በተላከልኝ ቪዲዮ ሠለጠንኩ። ያልገባኝን ደግሜ በማየቴ ጠቀመኝ። ይሁን እንጂ «መሬቱ ጥቁር መረሬ ሲሆንስ?» ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አልነበረም።

እንግዲህ ከታሪኩ የምንማረው ይህን ነው። ቪዲዮ ቃል እንዳይጎድል ይጠብቃል፤ ጥያቄ የሚመልሰው ግን ሰው ነው። ፊልሙን በየስልኩ ልኮ «ሥልጠና ተሰጥቷል» ብሎ ሪፖርት ማድረግ ያንኑ የተፋፈገ ማሳ ያመጣብናል። ስልክ የሌላቸው አባላት፣ በተለይም ብዙ ሴቶች፣ ጭራሹን ከሥልጠናው ውጭ ይሆናሉ።

ስለዚህ ዩኒየናችን ከመጪው የመኸር ወቅት በፊት በራሳችን አባላት ማሳ ላይ የራሳችንን ቪዲዮ ቢያስቀርጽ፣ የወረዳ ኃላፊዎችም ባለሙያው በማሠልጠኛ ማዕከሉ ከአባላቱ ጋር ተቀምጦ የሚያሳይበትን ጊዜ ቢመድቡለት መልካም ነው። እኚያ አባት በሚቀጥለው ጊዜ «ዘር ቀንሱ ያለን የለም» እንዳይሉ ኃላፊነቱ የሁላችንም ነው።