እርግማን አይደለም፣ አፈር ነው፦ ዝሆኔ በሽታ እና ጎጃም ላይ የሠሩት በጎ አድራጊዎች

በገበያ ቀን ደጀን ላይ ቆም ብላችሁ የሰውን እግር እዩ። ኮንጎ ጫማ ያደረገ አለ፣ በረባሶ ያደረገ አለ፣ በባዶ እግሩ የሚሄድም አይጠፋም። አንዳንዴ ደግሞ እግሩ ያበጠ፣ ጣቶቹ የተድበለበሉ፣ በጋቢው ሸፈን አድርጎ ጥግ የያዘ ሰው ታያላችሁ።

ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ሰው ሲያልፍ «እባብ ረግጦ ነው» ሲባል እሰማ ነበር። «እርግማን ነው» የሚልም ነበር። «አትጠጉ፣ ይጋባል» የሚባለው ግን ከሁሉም የባሰው ነው። ሦስቱም ውሸት ነው።

በሽታው በሰፈር ስሙ ዝሆኔ ይባላል። የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ስሙን ያወጣለት ኢትዮጵያ ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ነው የሠራው። ነገሩን ቶሎ ለመረዳት የሳንባውን ዘመድ ማየት ይጠቅማል። ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ለዓመታት ብናኙን ሲተነፍስ ሳንባው ይጎዳል፤ ያ ኒሞኮኒዮሲስ ይባላል፣ «የሳንባ አቧራ» እንደማለት። ዝሆኔ ደግሞ «የእግር አቧራ» ነው። እዚህ ብናኙ የሚገባው በአፍንጫ ሳይሆን በባዶ እግር ቆዳ ነው።

አፈሩ ግን ሁሉም አፈር አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ፣ ብዙ ዝናብ የሚያገኝ የደጋና የወይና ደጋ ቀይ ሸክላ አፈር ነው። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አፈር ያውቀዋል። ጥቃቅን ማዕድናቱ በእግር ቆዳ ገብተው ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ያስቆጣሉ። ቱቦዎቹ ቀስ በቀስ ሲዘጉ ፈሳሹ እግር ላይ ይጠራቀማል። በቆላ አካባቢ በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ አለ፣ ከዚህኛው ጋር አታምታቱት። የኛው ትል የለውም፣ ትንኝ የለውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

«ታዲያ ለምን አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን የሰጠው በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ነው። አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ሰውነታቸው ለዚህ አፈር ይበልጥ ይቆጣል፤ ይህ ተጋላጭነት በዘር ይወረሳል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው እንጂ በሽታው አይደለም። አፈሩን ካልነካ ሰውየው አይታመምም። ስለዚህ ዝሆኔ ያለበት ቤተሰብ ውስጥ የተወለደ ልጅ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የቤት ለቤት ቆጠራ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ተካሂዶ ነበር። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ዝሆኔ ተገኝቶባቸዋል። ከመቶ ሰው ሦስት ማለት ነው። ከታማሚዎቹ 87 በመቶው ደግሞ ከ15 እስከ 64 ዓመት ያሉ፣ ማለትም አርሰው፣ ነግደው፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው። እግራቸው ማበጥ ከጀመረ በኋላ ሕክምና ለመፈለግ በአማካይ አምስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

እብጠቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ይህ በሽታ እየተነሳ የሚጥል ሕመም አለው፤ እግሩ ይግላል፣ ብሽሽት ያብጣል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፣ ሰውየው ከአልጋ አይነሳም። በዚያው ቆጠራ ታማሚዎቹ በዓመት ወደ 90 ቀን በዚህ ሕመም እንደሚያልፍ ተናግረዋል። ሦስት ወር! ይህ ሦስት ወር ዘርና አጨዳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ለገበሬ ልጅ አይነገረውም።

ታዲያ ማን ደረሰላቸው? ለረጅም ጊዜ መንግሥትም ሆነ የመድኃኒት ኩባንያ ዞር ብሎ ያየው በሽታ አልነበረም። የሚሸጥ መድኃኒት የለውማ። ሥራውን የጀመሩት በጎ አድራጊዎች ናቸው። መጀመሪያ ወላይታ ሶዶ ላይ አሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎው የጀመሩት ሥራ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1998 ሞሲ ፉት የተባለ ማኅበር ሆነ። የማኅበሩ ብልሃት የሚገርም ነው፤ ታክመው የተሻላቸውን ሰዎች ራሳቸውን አስተማሪና አካሚ አደረጋቸው። «እኔም እንዳንተ ነበርኩ» የሚል ሰው እግርህን ሲያጥብልህ ከማንም ምክር ይበልጣል።

ጎጃም ላይ ደግሞ አይኦሲሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የኦርቶዶክስ በጎ አድራጎት ድርጅት ከቤተ ክርስቲያኗ የልማትና ተራድኦ ኮሚሽን ጋር ሆኖ ሥራውን ያዘ። ቀድሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪ በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ፉትዎርክ የተባለውን ዓለም አቀፍ ጥምረት ካቋቋሙት አንዷ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች እግር አጥበው ብቻ አልተቀመጡም። አንድ ችግር ነበረባቸው፦ «ሳሙናና ውሃ ይሠራል» ሲሉ «ማስረጃችሁ የታለ?» ይባላሉ። ስለዚህ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። በሄኖክ ንጉሤ መሪነት የተሠራው ይህ ጥናት 696 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ወዲያው ሕክምና ጀመሩ፤ ሌሎቹ ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ። ሕክምናው እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ወጣ። ሕክምና ያልጀመሩት በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሕመሙ ሲነሳባቸው፣ የጀመሩት 19.4 ጊዜ ሆነ። ልዩነቱ ተአምር አይመስልም፣ እኔም መጀመሪያ ሳየው «ይኼ ብቻ?» ብያለሁ። ግን በሳሙናና በቅባት ብቻ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ መውደቅን ማስቀረት ነው። በቀደመው ቆጠራ ሰዎቹ ሲጠየቁ ያሉት በዓመት አምስት ጊዜ ያህል ነበር፤ በዚህኛው በየጊዜው ሲመዘገብ ወደ 24 ተጠጋ። ሁለቱ ጥናቶች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ቢሆንም የጎጃም ሰው ሕመሙን አሳንሶ እንደሚናገር ለምናውቅ ሰዎች ቁጥሩ ብዙም አይገርምም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሕክምና ከጀመሩ በኋላ የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው የሕክምና ቦታው ርቀት፣ የሰው ዓይን ፍራቻና የእርሻ ሥራ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። ባበጠ እግር ሰዓታት መጓዝ፣ ያውም ሰው እያየ፣ ቀላል አይደለም። በጎ አድራጎት ደግሞ በፕሮጀክት ነው የሚኖረው፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ሳሙናውም ያልቃል። ለዚህ ነው ዝሆኔ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ትኩረት የተነፈጉ በሽታዎች አገር አቀፍ ዕቅድ ውስጥ መግባቱ ትልቅ ነገር የነበረው። በሽታው የጤና ጣቢያ ሥራ ሆነ ማለት ነው፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ።

ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ካለ እነዚህን እወቁ። አጀማመሩ የእግር የላይኛው ክፍል ማሳከክና ማቃጠል ነው፤ ከዚያ ማታ የሚያብጥ፣ ጠዋት የሚጎድል እብጠት ይመጣል። በዚህ ደረጃ ላይ ከተያዘ መመለስ ይቻላል። በየቀኑ በሳፋ ውሃ በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶች መሃል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ ነው። በረኪና የሚጨመር ከሆነ መጠኑን የጤና ባለሙያ ይንገራችሁ፣ በግምት አታድርጉት። ጫማው ደግሞ ድፍን ይሁን፤ ኮንጎ ከባዶ እግር ቢሻልም በቀዳዳው አፈር ያስገባል፣ ስለዚህ ከካልሲ ጋር ይደረግ። መጀመሪያ የሚነገራት በቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሰውየው «ሰው ያየኛል» ብሎ እንቢ ካለም አብራችሁት ሂዱ።